ስምንተኛው እርምጃ ላይ ቁሙ

ሰሌዳውን ዘርጉ፤ ጠጠሮቹን ደርድሩ። ዛሬ የምንደግመው ሪቻርድ ሬቲና ሳቪየሊ ታርታኮወር በ1910 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተጫወቱትን የቼዝ ጨዋታ ነው። ነጩን የያዘው ሬቲ ነው። በ11 እርምጃ አለቀ፤ አጭር ነው ብላችሁ ግን አትናቁት።

አንድ ነገር ልምከር፦ የሚቀጥለውን እርምጃ በወረቀት ሸፍኑ። ራሳችሁ ገምቱና ጻፉ፤ ከዚያ ግለጡ። ዝም ብሎ እየገለጡ መሄድ ፊልም ማየት ነው።

አከፋፈቱን ቶሎ እንለፈው። ነጭ ኢ4 ሲል ጥቁር ሲ6 አለ፤ ካሮ-ካን ይባላል። ከዚያ ዲ4፣ ዲ5። ነጭ ፈረሱን ሲ3 አወጣ፤ ጥቁር ኢ4 ላይ በላ፤ ፈረሱ መልሶ በላ። ጥቁር ፈረሱን ኤፍ6፣ ነጭ ንግሥቱን ዲ3 አወጡ። ጥቁር ኢ5 ገፋ፤ ነጭ በላው። የጥቁር ንግሥት ከኤ5 ቼክ አለች፤ ነጭ ቢሾፑን ዲ2 ላይ ጋረደ፤ እሷም ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር በላች። ስምንተኛው ላይ ነጭ በንግሥቲቱ ወገን ካስሊንግ አደረገ።

እዚህ ቁሙ። ኢ4 ላይ በቆመው የነጭ ፈረስ ላይ የጥቁር ፈረስም ንግሥትም አነጣጥረውበታል። ትበሉታላችሁ? ታርታኮወር በፈረሱ በላው። እኔም ልጅ ሳለሁ እበላው ነበር! ግን ከመብላት በፊት የዲን መስመር ተመልከቱ፦ ከታች ሩኩ፣ ከፊቱ ቢሾፑ፣ ከእሱ ፊት ንግሥቲቱ ተሰልፈዋል፤ የጥቁር ንጉሥ ደግሞ ገና ኢ8 ላይ ነው። ታርታኮወር የራሱን ቢሾፕ ኢ7 ቢያስቀምጥ ኖሮ ዲ8 ይጠበቅለት ነበር።

አሁን ግለጡ። የነጭ ንግሥት ዲ8 ገብታ ቼክ አለች። ንጉሡ እሷን ከመብላት በቀር ሌላ አማራጭ የለውም። ቀጥሎ ቢሾፑ ከዲ2 ወደ ጂ5 ሄደ። እሱ ራሱ ቼክ ይላል፤ ከኋላው የነበረው ሩክም ተከፍቶለት ቼክ ይላል። ልብ በሉ፣ ይህን ቢሾፕ የጥቁር ፈረስም ንግሥትም መብላት ይችሉ ነበር፤ ግን አንዱን ቢበሉ ሌላው ቼክ እንዳለ ነው። መሸሽ ብቻ ነው የቀረው። ኢ8 ቢመለስ ሩኩ ዲ8 ላይ ማት ያደርገዋል። ሲ7 ሄደ፤ ቢሾፑ ዲ8 ላይ ማት አደረገው።

ንጉሡ ወደ ቢ6 ለምን እንዳላመለጠ በጣታችሁ እየጠቆማችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ጠጠሮቹን መልሳችሁ ደርድሩና ያለ ወረቀት ከመጀመሪያው ድገሙት።