ቁጣ በበረታ ወራት ራሳችንን ስለ መጠበቅ

የሚነበበው ክፍል፦ 1ኛ ነገሥት 19፥1-18



በመስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩና በአካባቢው ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፤ ሌሎችም ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። ልጆቻቸው ወደዚያ ወጥተው በሽመና የሚተዳደሩ የጨንቻና የዶርዜ ቤተሰቦች እንቅልፍ አጡ። እኛም የፕሮጀክት ሠራተኞች ስልክ ይዘን ወሬ ስንቃርም እናመሽ ነበር፤ እውነቱን ከሐሰቱ አንለይም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስለ ድንች ዘር ሊጠይቀን የመጣን አንድ ገበሬ ያለ ጥፋቱ ተቆጣነው።

በዚያው ሰሞን በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር ይዘው በመንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ኀዘኑ የአባቶችም ኀዘን ነበር፤ ሆኖም እንዲገዛቸው አልፈቀዱለትም። እኛ አንድ ሰው በትዕግሥት መስማት ሲያቅተን እነርሱ የተቆጣ ሕዝብ መለሱ።

ኤልያስም ንግሥት ኤልዛቤል በዛተችበት ጊዜ ሸሽቶ ሞትን ተመኘ። እግዚአብሔር በተግሣጽ አልጀመረም። ነቢዩ ተኛ፤ መልአኩ ቀስቅሶት እንጎቻ በላ፣ ውኃ ጠጣ፤ ደግሞም ተኛ። ሥራ የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ብቻዬን ቀረሁ ሲልም ሌሎች ሰባት ሺህ እንዳሉ ተነገረው። እንግዲህ ማረፍና መብላት የእምነት ማነስ አይደለም።

ምርጫ ሲቃረብና ክርክር ሲግል እንዲህ ያለ ወራት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ፦

1. ወሬ የምንሰማበትን ሰዓት እንወስን። ማታ ስልኩን እናስቀምጥ፤ ያላረጋገጥነውን አናስተላልፍ።

2. ምግብና እንቅልፍ አንተው። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አያሳፍርም።

3. ብቻችንን አንቀመጥ። የከበደንን ነገር ለታመነ ሰው እንንገር።

4. በፖለቲካ ከማይስማማን ጎረቤት ጋር ቡና መጠጣትን አናቋርጥ።

ያን ገበሬ በኋላ ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ቆጮ አቀረበልንና፣ “የእኔም ልጅ ቡራዩ ነበር፤ በዚያ ቀን ድምፁን ገና አልሰማሁም ነበር” አለን። ከተቆጣነው ይልቅ ብንጠይቀው ኖሮ አብረነው በጸለይን ነበር።

ለውይይት፦

ሀ. ኤልያስ ሥራ ከመቀበሉ በፊት ምን ተደረገለት?

ለ. አባቶች ኀዘናቸውን ወደ ምን መለሱት?

ሐ. በዚህ ሳምንት በቁጣ የተናገርነው ማንን ነው? ሄደን ይቅርታ ከመጠየቅ ምን ያግደናል?