ሰውነት ሲቆጣ፦ ከባድ አለርጂን በጊዜ ማወቅ

ንብ በሚረባበት መንደርም ሆነ ለልብ ሕመምተኞች በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ በሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ሁላችን ልናውቀው የሚገባ አደጋ አለ። የአንዳንድ ሰው ሰውነት፣ ሌላውን የማይጎዳ ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ይቆጣል። ይህ አለርጂ ይባላል። ቁጣው መላ አካልን ሲያዳርስ ሐኪሞች አናፊላክሲስ ይሉታል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ምን ያስነሣዋል?

1. መድኃኒት፦ ፔኒሲሊንና እንደ አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች።
2. ነፍሳት፦ ንብና ተርብ።
3. ምግብ፦ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ።

ከዚህ በፊት ምንም ያልሆነ ሰው ዛሬ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ተነድፌአለሁ» ማለት ዋስትና አይሆንም።

በምን እናውቀዋለን?

ንብ የነደፈው ቦታ ብቻ ቢያብጥ ብዙ አያሰጋም። ነገር ግን ከተነደፈው ቦታ ርቆ ሰውነትን የሚያሳክክ ሽፍታ ቢወርሰው፣ ከንፈር ወይም ምላስ ቢያብጥ፣ ድምፅ ቢጎረንን፣ ትንፋሽ ሲር ሲር ቢል፣ ትውከት ቢደጋገም፣ ሰውየው ራሱን ሊስት ቢደርስ ነገሩ ከባድ ነው። ሽፍታ ሳይታይ የሚመጣበትም ጊዜ አለ።

ምን እናድርግ?

መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው። የሠለጠነ ሰው በጭን ጎን ጡንቻ ላይ ይወጋዋል፤ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። የማሳከክ ክኒን አድሬናሊንን አይተካም። «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ ስናሽ ውድ ጊዜ ያልፋል።

የንቡ መንደፊያ ቆዳው ላይ ከቀረ ወዲያው በጥፍር ጠርገን እናውጣ። በሽተኛውን አስተኝተን እግሩን ከፍ እናድርግ፤ መተንፈስ ከቸገረው ደግፈን እናስቀምጠው፤ ካስመለሰው በጎኑ እናስተኛው። የሚጠጣ ነገር አንስጠው። በእግሩ አናስኪደው፤ በቃሬዛ ወይም በመኪና ፈጥነን ወደ ሕክምና እንውሰደው። ከተሻለው በኋላም ሕመሙ በሰዓታት ውስጥ ሊመለስ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ሥር ይቆይ።

እንዴት እንከላከል?

ከመርፌ በፊት «ከዚህ ቀደም የጎዳህ መድኃኒት አለ?» ተብሎ ይጠየቅ። መርፌ የተወጋም ለ30 ደቂቃ ያህል እዚያው ይቆይ። የማይስማማው ነገር ስም በካርዱ ላይ ይጻፍለት።

ለውይይት፦

• በአቅራቢያችን ያለው ጤና ጣቢያ አድሬናሊን አለው? ጊዜውስ አላለፈበትም?
• ሌሊት አንድ ሰው ቢታመም በማን መኪና ወይም በየትኛው ቃሬዛ እንወስደዋለን?
• ከመካከላችን መድኃኒት ወይም ምግብ የማይስማማው ማን ነው? ቤተሰቡና ጎረቤቱስ ያውቃሉ?