የአቶ ካርላይል ቤት

ልጆች፣ ዛሬ የምንማረው ስለ አንድ አሮጌ ቤት ነው። ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ አሌክሳንድሪያ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ይገኛል።

ጆን ካርላይል ከስኮትላንድ የመጣ ነጋዴ ሲሆን ከአሌክሳንድሪያ ከተማ መሥራቾች አንዱ ነው። በ1749 እ.ኤ.አ. የከተማዋ መሬት በጨረታ ሲሸጥ በገበያውና በፖቶማክ ወንዝ መካከል ያለውን ቦታ ገዛ። ለምን መሰላችሁ? ዕቃው በመርከብ ይመጣል፣ ገበያው ደግሞ ደጁ ላይ ነው!

ቤቱ በ1753 አለቀ። ቤተሰቡ በገባበት ሌሊት ወንድ ልጅ ተወለደ። በዚያን ጊዜ በአገራችን በጎንደር ዳግማዊ አፄ ኢያሱ ነግሠው ነበር።

ጎረቤቶቹ ቤታቸውን በአብዛኛው በእንጨት ሲሠሩ ካርላይል ግን በድንጋይ ሠራ። በሩ መሐል ላይ ነው፤ መስኮቶቹም በግራና በቀኝ እኩል ናቸው። የቤቱን ሥዕል ከመሐል ብታጥፉት ሁለቱ ጎኖች ልክክ ይላሉ።

በ1755 የእንግሊዝ ጄኔራል ብራዶክ አምስት አገረ ገዢዎችን እዚህ ቤት ሰብስቦ ለጦርነት ገንዘብ ጠየቀ። ሕዝቡ በፈቃዱ እንደማይከፍል ነገሩት። በኋላም የግብር ጠብ አሜሪካን ከእንግሊዝ ለያያት።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ቤቱን በመሥራትና በማገልገል የደከሙት ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ስለ ቤቱ ስንናገር ስለ ጌታው ብቻ ከተናገርን ታሪኩ ግማሽ ይሆናል።

ቤቱ ከ1976 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁስ? የከተማችሁ ስም የመጣው ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር በ1840 ካገኘው ምንጭ ነው። እዚያ የሠራው ቤት ግን በ1954 ፈረሰ። ያልተጠበቀ ቤት እንዲህ ይጠፋል።

አዲስ ቃላት
መሥራች፦ አንድን ነገር መጀመሪያ ያቋቋመ
ጨረታ፦ ብዙ ለከፈለ የሚሸጥበት መንገድ
አገረ ገዢ፦ አንድን ግዛት የሚያስተዳድር ሹም

ጥያቄዎች
1. ካርላይል ያንን ቦታ ለምን መረጠ?
2. ቤቱን እነማን ሠሩት?
3. እማማን ወይም አባባን፣ «ያደጋችሁበት ቤት ከምን ተሠራ? ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥዕሉን ሥላችሁ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ።

ወላጆች ሆይ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ እባካችሁ በአማርኛ መልሱላቸው። ያ ቤት ዛሬ ባይኖርም እንኳ ልጆቹ ሊያውቁት የሚችሉት ከእናንተ አፍ ብቻ ነው።