ከመሬት በታች ያለው ሕይወት ምን በልቶ ይኖራል?

የምግብ ሰንሰለትን ስናስተምር አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከአንድ ምሳሌ ነው፤ ፀሐይ፣ ሣር፣ ፍየል፣ ነብር። ምሳሌው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ከተማሪዎቹ አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ፀሐይ በማይገባበት ዋሻ ውስጥ ያሉትንስ ማን ያበላቸዋል?» ቢል ምን እንመልሳለን?

በአዋሽ ሸለቆ ለሚያስተምር መምህር ይህ የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። በአዋሽ ሰባት ኪሎ አቅራቢያ የፈንታሌ ተራራ ዋሻዎች አሉ። ከዚያ ዝቅ ሲባል በየሜዳው ኩይሳ ይታያል፤ ወንዙ ያመጣው ደለልም በበጋ ይሰነጠቃል። ሰመራ ሲደረስ ደግሞ መሬቱ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከየድንጋዩ ሥር ጊንጥ አይጠፋም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከመሬት በታች የሚኖሩትን የጀርባ አጥንት የሌላቸው እንስሳት (ኢደንደሴዎች) ነው፤ ይልቁንም ምግባቸው ከየት እንደሚመጣ።

፩. ወደ ታች የሚያስኬዳቸው ምንድን ነው?

አንደኛው ሙቀት፣ ሁለተኛው ድርቀት ነው። በሰመራ በሞቃቱ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ ፀሐይ ያረፈበት ድንጋይማ ከዚያም ይብሳል። ትንሽ እንስሳ በዚህ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ለምን ቢሉ፣ አካሉ ትንሽ በሆነ መጠን ውሃ የሚወጣበት ቆዳው ከያዘው ውሃ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው። እርጥብ መሐረብ ከእርጥብ ጋቢ ቀድሞ የሚደርቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከመሬት በታች ግን ነገሩ ይለወጣል። ግማሽ ሜትር ያህል ሲወረድ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት አብዛኛው ይጠፋል፤ እርጥበትም ይሻላል። በመሆኑም ጊንጡ፣ ምስጡና ጢንዚዛው ቀኑን ከታች ያሳልፋሉ። ቤቱ እንግዲህ ጥሩ ነው። ችግሩ ጓዳው ባዶ መሆኑ ነው፤ ብርሃን በሌለበት አረንጓዴ ተክል አይበቅልምና።

፪. የፈንታሌ ዋሻዎች

የፈንታሌ ዋሻዎች አሠራራቸው ለየት ያለ ነው። እንደ ባሌው ሶፍ ዑመር ያሉትን ዋሻዎች ውሃ የኖራ ድንጋይ እያሟሟ ቦርቡሯቸዋል። በፈንታሌ ግን እሳተ ገሞራው የተፋው የጋለ አመድ መሬቱን ሸፍኖ እርስ በርሱ ሲጣበቅ ከውስጥ የታፈነ ጋዝ ሽፋኑን ወደ ላይ ነፋው። ምጣድ ላይ ያለ ቂጣ እንደሚነፋ ማለት ነው። አመዱ ሲቀዘቅዝ እብጠቱ ክፍት እንደሆነ ደርቆ ቀረ፤ ከእነዚህ እብጠቶች ጣሪያቸው የተሰበረው ዛሬ ዋሻ ሆነዋል።

የማንኛውም ዋሻ ነዋሪዎች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ናቸው፤ ለጥላ ወይም ለእንቅልፍ ይገባሉ፣ ለምግብ ይወጣሉ። ሁለተኛዎቹ በዋሻ ውስጥም በውጭም መኖር የሚችሉ ናቸው፤ ብዙ ሸረሪቶች፣ በረሮዎችና ፌንጣዎች ከዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛዎቹ ከጨለማው ፈጽሞ የማይወጡ ናቸው። እነዚህ በረጅም የትውልድ ጉዞ ዓይናቸውና ቀለማቸው ጠፍቶ በምትኩ አንቴናና እግራቸው ረዝሟል። በጨለማ ዓይን ምን ይሠራል? መዳሰሻ ነው የሚጠቅመው።

ምግቡስ? የሌሊት ወፍ በሰፈረበት ዋሻ መልሱ ወለሉ ላይ ተከምሮ ይገኛል። ነፍሳት የሚበሉት የሌሊት ወፎች ማታ ወጥተው ያድናሉ፤ ሲነጋ ተመልሰው ኩሳቸውን ይጥላሉ። ኩሱን ባክቴሪያና ፈንገስ ያበሰብሱታል፤ እነዚያን ጥቃቅን ነፍሳትና የጢንዚዛ እጮች ይበሏቸዋል፤ እነርሱን ደግሞ ሸረሪትና ባለ መቶ እግር ያድኗቸዋል። ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ብንከተለው ከኩሱ ወደ ሌሊት ወፉ፣ ከሌሊት ወፉ ውጭ ወደበላው ነፍሳት፣ ከነፍሳቱ ወደ ቅጠሉ፣ ከቅጠሉ ወደ ፀሐይ ይወስደናል። ጨለማው የሚኖረው በብርሃን ጉልበት ነው። የሌሊት ወፎቹን በጭስ ያባረረ ሰው የዋሻውን ነዋሪ ሁሉ ቀለብ ቆረጠ ማለት ነው።

፫. ኩይሳም ዋሻ ነው

ዋሻ በሁሉም ትምህርት ቤት አጠገብ አይገኝም፤ ኩይሳ ግን ይገኛል። ትልልቁን ኩይሳ ከሚሠሩት ምስጦች መካከል እርሻ የሚያርሱ አሉ ቢባል ብዙ ሰው አያምንም። ሠራተኞቹ ምስጦች ደረቅ ሣር፣ እንጨትና የከብት እበት እያመጡ ከታች በተሠሩ ክፍሎች ይከምራሉ፤ በላዩም ፈንገስ ያበቅላሉ። ምስጡ ብቻውን በደንብ መፍጨት የማይችለውን የእንጨት ክፍል ፈንገሱ ያላላለታል። ይህ እርሻ 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አለው፤ የሰው ልጅ እርሻ ግን ከ10 ሺህ ዓመት ብዙም አይበልጥም።

ሠራተኞቹ ዓይነ ስውራን ናቸው፤ የሚግባቡት በሽታና በንዝረት ነው። ንግሥቲቱ በቀን በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። የኩይሳው ቀዳዳዎችና ግድግዳ ደግሞ የታፈነውን አየር እያስወጡ ንጹሕ ያስገባሉ።

ምስጥ የቤት እንጨትና ሰብል ስለሚያበላሽ እንደ ጠላት ብቻ ይታያል። ጉዳቱ እውነት ነው። ነገር ግን ምስጥ ከታች ያለውን አፈር ወደ ላይ ያወጣል፣ ውሃ የሚሰርግበትን መንገድ ይከፍታል፣ የደረቀውን ሣር ወደ አፈርነት ይመልሳል። አዋልደጌሳ ኩይሳውን ቆፍሮ ምስጡን ይበላል፤ እርሱ የተወው ጉድጓድ ለከርከሮና ለሌሎች አራዊት መጠለያ ይሆናል። ስለዚህ ቤት አጠገብ ያለውን መከላከልና በግጦሽ ሜዳ ያለውን ሁሉ በመርዝ መጨረስ አንድ አይደሉም።

፬. ከደንቡ የወጣ ዋሻ

ለተማሪው ጥያቄ «ምግቡ ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚመጣው» ብለን መዝጋት ግን አንችልም። እ.ኤ.አ. በ1986 በሩማንያ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ አጠገብ፣ ሞቪሌ የተባለ ከውጭው ዓለም የተዘጋ ዋሻ ተገኘ። በውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎች በፀሐይ ፈንታ ከከርሰ ምድር ውሃ በሚወጣ የድኝ ጋዝ ጉልበት ምግብ ይሠራሉ። በእነርሱ ላይ ተመሥርተው የሚኖሩት፣ በሌላ ቦታ የማይታወቁ ኢደንደሴዎች ከ30 ዝርያ ይበልጣሉ። እንግዲህ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፤ አብዛኛው የጨለማ ሕይወት ከላይ በሚወርድ ፍርፋሪ ይኖራል፤ ጥቂቱ ደግሞ ከዐለት በሚወጣ ኬሚካል።

፭. ጥንቃቄ

ይህ ትምህርት ከሌላው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ከትንኝ ያነሰች ነፍሳት ቀን ቀን ጨለማና እርጥበት ባለበት ትሸሸጋለች። በደቡብ ኢትዮጵያ የካላዛር አስተላላፊ የሆኑት ዝርያዎች ከኩይሳ ጋር የተያያዘ ኑሮ አላቸው፤ በሁመራና በመተማ በኩል ያለችው ደግሞ ከተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ጋር። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። በአዋሽ ሸለቆም የአሸዋ ዝንብ ዝርያዎች አሉ። ስለሆነም ልጆች በኩይሳ ቀዳዳ እጃቸውን እንዳይከቱ፣ ማታ አጠገቡ እንዳይቀመጡ ወይም እንዳይተኙ መንገር የመምህሩ ግዴታ ነው። ትኩሳቱ ከሳምንታት በላይ የቆየና ሆዱ ያበጠ ልጅ ሲታይ «ወባ ነው» ብሎ ዝም ማለት አይገባም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

ተማሪዎችን ይዞ ዋሻ መግባትም አይፈቀድ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ሕዝብ ከቀየው እንደተነሣ አይዘነጋም፤ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው መጠኑ 6.0 ነበር። የተናጋ ጣሪያ መቼ እንደሚወርድ ለማንም አይናገርም።

፮. ያለ ቤተ ሙከራ የሚሠራ ተግባር

ሀ) በትምህርት ቤቱ ግቢ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ አስቆፍሩ። በጧት፣ በቀትርና በማታ የላዩንና የታቹን ሙቀት በቴርሞሜትር አስለኩ፤ ቁጥሩን በሰንጠረዥ አስመዝግቡ።

ለ) ባዶ የቲማቲም ጣሳ አፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ቅበሩና ሌሊቱን ተዉት። ጧት የገባውን በእንጨት እንጂ በእጅ ሳትነኩ እዩ፤ እግሩን አስቆጥሩ። ስድስት ከሆነ ከነፍሳት፣ ስምንት ከሆነ ከሸረሪትና ከጊንጥ ወገን ነው። ከዚያ ልቀቁት።

ሐ) የያዛችሁት እንስሳ ምን እንደሚበላ፣ ያም ምን እንደሚበላ እየጠየቃችሁ ሰንሰለቱን በሰሌዳው ላይ ፀሐይ እስክትደርሱ ድረስ ሣሉ።

የአርብቶ አደር ልጅ ጉድጓዱንም ኩይሳውንም ከእኛ በተሻለ ያውቃል። በአፋርኛ ስሙን ይንገረን፣ እኛም የሳይንሱን እንንገረው። ትምህርቱ በሁለቱ መካከል ይገናኛል።

የመወያያ ጥያቄዎች

፩. በአላይደጌ ሜዳ ሣሩ ጠፍቶ በቦታው ፕሮሶፒስ ቢተካ ከታች በሚኖሩት ላይ ምን ለውጥ ትጠብቃላችሁ? ለምን?

፪. ዓይን የሌለው የዋሻ ጢንዚዛ «የተበላሸ ፍጥረት» ነው የሚል ተማሪ ቢያጋጥማችሁ እንዴት ታስረዱታላችሁ?

፫. አንድ የመንደር ሽማግሌ በአቅራቢያው ያለውን ኩይሳ ሁሉ በመርዝ ለማጥፋት ምክር ቢጠይቋችሁ፣ የትኛው ይጥፋ፣ የትኛው ይቆይ ትላላችሁ?