የተማሪ ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፤ ስለ ምጽዋት ብዙ ጊዜ ተምረናል። ዛሬ ግን ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ ስለሚተላለፍ አንድ ስጦታ፣ ይኸውም ለአብነት ተማሪ ስለሚሰጠው እንጀራ፣ በቤታችን ከሆነው ተነሥቼ ጥቂት ልጻፍ።

እንደምታውቁት የአብነት መምህር ተማሪውን ክፍያ አይጠይቅም። ተማሪውም አገሩን ለቅቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ከጉባኤ ቤቱ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ከንባብ ቤት ተነሥቶ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ መጻሕፍቱን እስኪያዳርስ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ። ይህን ሁሉ ዘመን የሚያኖረው፣ አኩፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚቆምበት ደጅ ነው። ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ለመምህራኑ ከመሬቷ የምትሰጠው ነበራት፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ግን ሸክሙ ይበልጡን በየቤቱ ላይ ወደቀ።

የአባቴ ወገኖች የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ባለችበት በጋይንት ናቸው። ቅድመ አያቴ በጋገረች ቁጥር አንዱን እንጀራ ለይታ ታስቀምጥ ነበር አሉ፤ ስሙም «የተማሪ ድርሻ» ነው። አያቴም ይህንኑ ያዘች። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ድርሻው ወደ እፍኝ ቆሎ ወረደ እንጂ አልቀረም።

ልጅ ሳለሁ ክረምቱን አያቴ ዘንድ ሄጄ፣ አንድ ቀን ተማሪ ደጅ ቆሞ ውሻው ሲጮኽበት፣ ትኩሱን ትቼ የደረቀውን ሰጠሁት። አያቴ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። ማታ ግን ለእኔ ያቀረበችልኝ ያንኑ ደረቅ እንጀራ ነበር። «ተማሪ ለማኝ አይደለም ልጄ» አለችኝ። «ነገ ስሞት ማን ይፈታኛል? ልጅሽን ማን ያጠምቃል?»

አባቴ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ደጁ ራቀ። እርሱም በየወሩ ለመምህሩ ገንዘብ ይልክ ጀመር፤ የላከውንም በአንድ ደብተር ይጽፍ ነበር። (እናታችን የቤት ኪራይ እንኳ ሳይከፈል ይህ ይቀድማል እያለች ስታጉረመርም እሰማ ነበር፤ እርሷም ቢሆን አንድ ወር ሲዘገይ የምታስታውሰው ራሷ ናት።)

አባታችን ባለፈው ዓመት አረፈ። እኛ አራት ልጆች ነን። ታላቄ እኔ የላክሁ መስሎታል፤ እኔም እርሱ የላከ መስሎኛል። ለካስ አምስት ወር ማንም አልላከም! የኔታም ገንዘቡን አላነሡም፤ ስለ አባታችን ሙት ዓመት ሊጠይቁን ሲደውሉ ግን ሁለት ልጆች ቀለብ አጥተው ጉባኤ ቤቱን ትተው መሄዳቸውን በወሬ መካከል ነገሩን። አንዱ ጾመ ድጓውን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ማንም «አንሰጥም» ሳይል የአራት ትውልድ ልማድ እንዲህ ሊቆም ነበር።

ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ሲያመሰግነው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም ያነሣል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ይህን ምዕራፍ ባነበብሁ ቁጥር፣ በሦስተኛው ሰው ላይ ነገሩ ቢቆም ኖሮ እያልሁ አስባለሁ።

አሁን ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው። ወሮቹን ለአራት ተካፍለናቸዋል፤ ስማችንም በየወሩ አንጻር ተጽፏል። ተማሪ ስለሆንሁ የእኔ ድርሻ ጥቂት ነው፤ ከካፌ ሻይ ያስቀረሁት ነው ማለት ይቻላል። ከሄዱት ልጆች አንዱ ተመልሷል። መስከረምን ታናሽ እኅቴ ይዛዋለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።