የዮሴፍ ጎተራና የእኛ ክረምት

ለዕረፍት ወደ ወሎ፣ አያቴ ዘንድ ስሄድ የተሳፈርንበት አሮጌ አውቶቡስ የጣርማ በርን ዳገት እንደ ያዘ ማቃሰት ጀመረ። ሾፌሩ ማርሽ ቢቀንስም አልሆነለትም። ረዳቱን ብጠይቀው «ወንድሜ፣ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። ነዳጅ ለመቃጠል አየር ይሻል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየር አምቆ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር እንግዲህ ጉልበት ከየት ያምጣ?

በዚያው ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ይነጩ ነበር። ብርዱም ሆነ የአየሩ መሳሳት ግድ የሰጣቸው አይመስሉም። ወንዱ በትከሻው ላይ ካባ የመሰለ ጠጉር ደርቧል። ሌሊት የሚያድሩት ገደል ላይ ነው፤ ምግባቸውም አብዛኛው ሣር ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ መሬቱን በጣታቸው ቆፍረው ሥራሥር ይበላሉ።

ይህን ለአያቴ ባጫውታቸው ዝም ብለው ቆዩና «በሰባ ሰባት እኛም ቆፍረናል ልጄ» አሉኝ። ደመናው እየመጣ፣ እያጉረመረመ፣ ጥሏቸው ይሄድ እንደ ነበር ነገሩኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋቸውም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመለስ ይህን ለመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነገርሁት። እርሱም «እንግዲያው የዮሴፍ ታሪክም የአየር ጠባይ ወሬ ነው፤ የእግዚአብሔር እጅ ወዴት አለ?» ብሎ ሞገተኝ። መልስ አጣሁ። ስለዚህ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41ን እንደገና አነበብሁ።

ልብ በሉ! ፈርዖን በሕልሙ ያያቸው ላሞች፣ የሰቡትም የከሱትም፣ የወጡት ከወንዝ ነው። ግብፅ ዝናብ እምብዛም የማያውቃት አገር ናት፤ ጥጋቧም ረሃቧም በዓባይ ሙላት ይመጣ ነበር። አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከእኛ ደጋ የሚወርድ ነው። የላስታና የጎጃም ክረምት ሲከዳ የግብፅ ገበሬ እርሻው ሳይጠጣ ይቀር ነበር ማለት ነው። አስዋን አጠገብ በሰሄል ደሴት ባለ ዓለት ላይም በንጉሥ ጆሴር ዘመን ዓባይ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ስለ መቅረቱ የሚናገር ጽሑፍ ተቀርጿል። የተቀረጸው ከንጉሡ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ ስለሆነ የዓይን ምስክር አይባልም፤ ሕዝቡ ግን የሚፈራውን ነገር አልረሳም። በካይሮ የሮዳ ደሴት የውኃ መለኪያም እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራው በዚሁ ጭንቀት ነው። ከፍታውን አይተው የዓመቱን ግብር ይተምኑበት ነበር። ታላቁ የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ያ ሙላት ቀርቷል።

ክረምታችን ለምን ይከዳል? አንዱ ምክንያት ኤል ኒኞ ነው። በሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃው ከልኩ በላይ ሲሞቅ የነፋሱ አካሄድ ይለወጥና የሰሜን ኢትዮጵያ ዝናብ ብዙ ጊዜ ይሳሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ይህ ደርሶ በማግሥቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የእርዳታ እህል አስፈልጓቸዋል። በ1977ቱ ግን ዝናቡ ብቻ አልነበረም፤ ጦርነቱም ነበረበት።

ለጓደኛዬ ያልሁት ይህን ነው፦ ዮሴፍ ወንዙ ስለ ምን እንደሚጎድል አንድም ቃል አልተናገረም። በጥጋቡ ዘመን ከምርቱ አምስተኛው እጅ ይከማች አለ እንጂ። ደመናው ከየት እንደሚመጣ ማወቃችን ይህን ምክር ተረት አያደርገውም፤ ይልቁን ጎተራውን በጊዜ ለመሙላት ያግዘናል። ጓደኛዬ ገና አልተስማማም፤ ክርክራችን አልተቋጨም።

አያቴ ግን ዛሬም አዲስ እህል ሳይገባ ከጎተራቸው የታችኛውን ስንዝር አይነኩም። በስንብቱ ቀን የገብስ ቆሎ ቋጥረውልኝ «ለመንገድ» ሲሉኝ ከየትኛው እንደ ቀዱት አየሁ፤ ከላይ ነው።