ስለ አውቶሞቢል መሪና ስለ ጥሩንባው ምርመራ

የአውቶሞቢል ዐይኑ መብራቱ ነው፤ ድምፁም ጥሩንባው ነው። በተራራ መንገድ ላይ ጠምዛዛ ስፍራ በደረሰ ጊዜ፥ ነጂው ከማዶ የሚመጣውን ተማሪ ወይም እረኛ ሊያየው አይችልም፤ የሚያስጠነቅቀው በጥሩንባው ነው። ስለዚህ ክላክስ የሚባለው ይህ ጥሩንባ ዝም ያለበት መኪና፥ ሞተሩ ደኅና ቢሆንም እንኳ ለጉዞ የተዘጋጀ አይባልም።

ጥሩንባው ዝም ባለ ጊዜ ብዙ ሰዎች ሳይመረምሩ ሌላ ጥሩንባ ይገዛሉ። ነገር ግን ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት ገንዘብን ማጥፋት ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በጥሩንባው ሳይሆን በመሪው ውስጥ ይገኛል።

የኤሌክትሪክ መንገድ

ለምሳሌ በአገራችን ቮልስ የምትባለውን የቀድሞዋን ቮልስዋገን እንመልከት። ይህች መኪና እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ጥንታዊዎቹ በ6 ቮልት፥ ኋለኞቹም በ12 ቮልት ይሠራሉ።

ኃይሉ ከባትሪ ተነሥቶ በፊውዝ በኩል ያልፍና በፊተኛው ግራ ፓራፋንጎ ሥር ወዳለው ጥሩንባ ይደርሳል፤ ከጥሩንባውም ወደ መሪው ይሄዳል። ነጂው የመሪውን መጫኛ በተጫነ ጊዜ ሽቦው መካኒኮች ማሳ ከሚሉት ከመኪናው ብረት ጋራ ይገናኛል፤ ኃይሉም በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። እንግዲህ ይህ መንገድ ክብ ነው፤ ክቡም በአንድ ስፍራ ቢቆረጥ ሁሉም ይቆማል።

መሪው ግን የሚዞር ስለ ሆነ፥ በዚህ ስፍራ ሽቦው ዕረፍት የለውም። ደግሞም በመሪው ዘንግና በመሪው ሳጥን መካከል የጎማ ማያያዣ አለ። ጎማ ኤሌክትሪክን ስለማያሳልፍ፥ አጭር ሽቦ ጎማውን ተሻግሮ ወደ ሳጥኑ ብረት ይደርሳል። ይህ ሽቦ በዕድሜ ብዛት ይላላል ወይም ይበጠሳል።

የምርመራው ተራ

1ኛ፤ መብራቱ የደከመ እንደ ሆነ አስቀድሞ ባትሪውን መመርመር ይገባል።

2ኛ፤ ፊውዙን አውጥቶ ማየት፥ ጫፎቹም ዝገው እንደ ሆነ መጥረግ ነው። የተቃጠለውን ፊውዝ በሽቦ ወይም በብር ወረቀት መተካት መኪናውን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ስለ ሆነ ፈጽሞ አይገባም።

3ኛ፤ የመኪናውን ቁልፍ ከፍቶ በሙከራ አምፖል ኃይል ወደ ጥሩንባው መድረሱን ማየት ነው። ከደረሰ፥ ወደ መሪው የሚሄደውን የጥሩንባውን ጫፍ በሌላ ሽቦ ከንጹሕ ብረት ጋራ ማገናኘት ነው። ጥሩንባው ከጮኸ እርሱ ደኅና ነው፤ ጥፋቱም ወደ መሪው ነው። ካልጮኸ ግን ጥሩንባው ራሱ ታሟል።

4ኛ፤ የመሪውን መካከለኛ ክዳን አንሥቶ፥ መጫኛው የሚያገናኛቸውን ሁለቱን ብረቶች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። ከጮኸ፥ የቆሸሸውን መገናኛ በብርጭቆ ወረቀት መጥረግ ይበቃል። ካልጮኸ፥ በጎማው ማያያዣ ላይ ያለውን ሽቦ መመልከት ነው።

መሪው ወደ አንድ ወገን በዞረ ጊዜ ብቻ የሚጮኽ እንደ ሆነ፥ ሽቦው ሊበጠስ የቀረበ ነው። ማንም ሳይጫነው የሚጮኽ ቢሆን ደግሞ የሽቦው ልብስ ተልጦ ብረት ነክቷል፤ በዚህ ጊዜ ፊውዙን ነቅሎ መፈለግ ነው። ጎማው ራሱ ተሰንጥቆ ቢገኝ ግን የመሪው ጕዳይ ከጥሩንባው ይበልጣልና፥ ጎማው ሳይለወጥ መኪናው ከስፍራው አይነሣ።

ማስጠንቀቂያ

ከዚያ በኋላ በተሠሩት በብዙዎቹ መኪኖች መሪ ውስጥ፥ በግጭት ጊዜ በቅጽበት የሚነፋ ኤርባግ የሚባል ከረጢት አለ። በእነዚህ ውስጥ ኃይሉ የሚያልፈው በመሪው ሥር በተጠቀለለ ቀጭን ጥብጣብ ነው። ጥሩንባው ዝም ብሎ የኤርባጉም ምልክት መብራት ከበራ፥ የጥብጣቡ መበጠስ ይጠረጠራል። ነገር ግን ኤርባግ ያለበትን መሪ መክፈት ወይም ሽቦውን በሙከራ አምፖል መንካት ከረጢቱን አፈንድቶ ሰውን ሊያቈስል ስለሚችል፥ ሥራው ለተማረ መካኒክ ይተው።

ለትምህርት ቤት ሥራ

መምህሩ የእጅ ባትሪ ድንጋይ፥ ትንሽ አምፖልና ሽቦ ይዞ ክቡን መንገድ በጠረጴዛ ላይ ይሥራ። ከዚያም ተማሪዎቹ ሳያዩ በአንድ ስፍራ ያላላውና የተቆረጠውን በተራ እንዲፈልጉ ያድርግ። በመጀመሪያ በግምት የሚናገረውን ልጅ፥ «በምን አወቅኸው?» ብሎ ይጠይቀው። ከባትሪው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ልጅ ምክንያቱን ይናገራል፤ በግምት ያገኘው ግን በሌላ ቀን ሊያገኘው አይችልም። ይህንንም የለመደ ተማሪ በመኪና ብቻ ሳይሆን በሌላውም ሥራ ሁሉ ሳይመረምር አይፈርድም።